ጋሽ አንጁሎ የሸጡልኝ ማይክ

የጋሽ አንጁሎን መሞት የሰማሁት በራሳቸው ማይክ ነው።

ጨንቻ ላይ ሰርግ ልንቀርጽ ወጥተን ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበትን በር እየጠበቅን ነበር። ካሜራ የሚይዘው ባልደረባዬ መብራቱን ያስተካክላል። እኔ ሄድፎኔን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ማይኩን በረጅም ዘንግ አንጠልጥዬ ወደ በሩ አዞርኩት። በዚያው አቅጣጫ፣ ከበሩ ጎን ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብለው፣ ከአፕል ዛፍ ስር ሁለት ሴቶች ቆመዋል። በባዶ ጆሮ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከማየት በቀር ምንም አይሰማም። በማይኩ ግን አጠገቤ የተቀመጡ ያህል ነበሩ።

«አንጁሎ አርፏል» አለች አንደኛዋ። «ዛሬ ጧት ነው። ዶርቃ ራሷ ደወለችልኝ።»

«ምነው... ሙሽራዋስ?»

«ሰርጉ ሳያልቅ ማንም እንዳይሰማ ብላለች። ነገ ጧት ሽማግሌ ገብቶ ይነግራታል። አንቺም ፊትሽን ጥረጊ።»

ሙሽራዋ ሕይወት የጋሽ አንጁሎ የወንድማቸው ልጅ ናት። ዶርቃ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ጋሽ አንጁሎን እስካውቅ ድረስ ምስጢር ይዤ ያደርኩበት ቀን ትዝ የማይለኝ ሴት ነበርኩ። እናቴ «የምሕረት አፍ ከእግሯ ቀድሞ ቤት ይገባል» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። ያን ቀን ግን ዘንጉን እንደያዝኩ፣ ፊቴን ሳልቀይር፣ በሩን እያየሁ ቆምኩ። እንዲህ መቆምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርቱን ሳላልፍ ማይኩን አልሸጡልኝም ነበር።

ነገሩ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከአንዲት ጠባብ ስቱዲዮ የሰርግና የመዝሙር ቪዲዮ እንሠራ ነበር። ለእኛ ድምፅ ማለት ካሜራው ላይ የተሰካች፣ አውራ ጣት የምታህል ማይክ ናት። ሙሽራው ቃል ሲገባ ጄኔሬተሩ ይበልጠዋል፤ እኛም በላዩ ላይ መዝሙር ጭነንበት እንገላገላለን። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለ። ስለ ሸማኔዎች ፊልም ሊሠሩ ነው፤ ጨንቻና ኦቾሎ አሥር ቀን ይቆያሉ፤ አገሩን የሚያውቅ ድምፅ ቀራጭ ይፈልጋሉ።

«የራስሽ ማይክ አለሽ? ደህና የሚባል?» አለኝ።

«አለኝ» አልኩት። አልነበረኝም።

ሦስት ሳምንት ነበር የቀረኝ። ያንን ሥራ ካላገኘሁ ዕድሜ ልኬን ጄኔሬተር ስቀዳ እንደምኖር ገብቶኛል። አዲስ ማይክ ከውጭ ላስመጣ አቅሜም ጊዜውም አይፈቅዱም። ያገለገለ ሳጠያይቅ ሰዉ ሁሉ አንድ ስም ጠራልኝ። ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ጫካውን ቁልቁል በሚያይ አፋፍ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የሬዲዮ ሰው አሉ። ፈረንጆች ትተውላቸው የሄዱት ማይክ አላቸው። ሊሸጡት ይፈልጋሉ። «ግን አይሸጡልሽም» ይለኛል የነገረኝ ሁሉ። ለምን ስል፣ «ሂጂና እይው» ይሉኛል።

ሄድኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰውዬ በር ከፈቱልኝ። ዓይን ዓይኔን ሳይሆን አፍ አፌን ነው የሚያዩት። «ስትናገሪ ወደ እኔ ዙሪ፤ ድምፅ ቀራጭ ነኝ የምትል ሰው ለግድግዳ አታወራም» አሉኝ። ኩራተኛ ናቸው ብዬ ያዝኩባቸው።

ማይኩን አላመጡም። በረንዳው ላይ ወንበር ሰጡኝና «ከማሳየቴ በፊት ጉድለቱን ልንገርሽ» አሉ።

እኔ የማውቀው ሻጭ «አንድ ቀን ብቻ ነው የተሠራበት» የሚለውን ነው። ግራ ሲገባኝ አይተው ሳቁ። በጋሞ ደጋ ነውሩን ደብቆ የሸጠ ሰው ጎሜ አለበት፤ ጥፋቱን በአደባባይ ተናግሮ ካልታረቀ በከብቱ ወይም በልጁ ይመጣበታል ይባላል። አባታቸው በሬ ሲሸጡ መጀመሪያ ገዢውን ቁጭ አድርገው የበሬውን አመል ይዘረዝሩለት ነበር አሉ። ብዙው ገዢ ሳይገዛ ይሄዳል። የገዛው ግን ተመልሶ አይመጣም።

«ጌታን የተቀበሉ ሰው አይደሉ እንዴ?» አልኳቸው። ግድግዳው ላይ ጥቅስ ተሰቅሏል።

«ነኝ። ስሸጥ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ።»

አንደኛው ጉድለት፣ ማይኩ አንዴ ከመኪና ወድቆ አንገቱ ላይ ጎድጉዷል። ሁለተኛው፣ የጨንቻ ጉም ሲያገኘው እንደሚነጠር ቅቤ ይንጫጫል። መድኃኒቱ ብብት ስር ከትቶ ትንሽ ማሞቅ ነው። «ሦስተኛም አለው» አሉ። «እሱን ካዳመጥሽ በኋላ።»

ከዚያ ከሱፍ ጨርቅ ውስጥ አወጡት። ክንድ የሚያህል ጥቁር ቱቦ ነው። የዞረበትን ይሰማል፤ ጎኑን ይተዋል። ዘንጉ የጨንቻ ቀርከሃ ነበር፤ በጭስ ጠቁሮ ብረት መስሏል። መቅረጫውም አሮጌ ነው፤ የድምፁን ልክ የምታሳይ መርፌ አለችው። ሄድፎኑን ራሳቸው አጥልቀው፣ መርፌዋን ትኩር ብለው አይተው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ድምፁ እንደ አዲስ ነው» አሉኝ። ከዚያ ለእኔ ሰጥተውኝ፣ ወደ ጓሮው አዙሬ ግማሽ ሰዓት እንዳዳምጥ ነግረውኝ ገቡ።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሙዝ ቅጠል በነፋስ ሲተረተር፣ ታች ጫካው ውስጥ ዝንጀሮ ሲጣላ፣ ባጃጅ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር፣ ሁሉም እጄ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ሰው ነበር። ጋሽ አንጁሎ ወጥተው «ምን ሰማሽ?» ሲሉኝ መቼ ትንፋሽ ሰጠኋቸው።

«ጎረቤትዎ ጉድ ናቸው! ልጅቷ ፈተና ወድቃለች፤ እናትየዋ ለአባቷ አልፋለች ሊሉ ነው። አትንገሪው፣ እኔ አለሁ ይሏታል...»

እየሳቅሁ ነበር የምነግራቸው። እሳቸው አልሳቁም። አማርኛቸው እንደ ዜና አንባቢ የተጣራ ነው፤ ሲናደዱ ብቻ የአገራቸው ቋንቋ ይቀድማቸውና እኔን ወንድ ያደርጉኛል።

«አንተ፣ አምጣው» አሉኝ። «ምን ሰማሽ አልኩ እንጂ ምን አሉ አላልኩም። አይሸጥም።»

ማይኩን በሱፉ ጠቅልለው ይዘውት ገቡ።

ሲቀላ እስክደርስ ያላልኳቸው ነገር የለም። ለባጃጅ ነጂው ጭምር ነገርኩት። ግትር፣ ኮተታም፣ ሽማግሌ መሳይ አልኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ማይክ ፈለግሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ሌላ የለም። ከአዲስ አበባ ያ ሰውዬ ደውሎ «ማይክሽ ምን ዓይነት ነው?» ሲለኝ መስመሩ እንደተቆረጠ አስመስዬ ዘጋሁት። በአራተኛው ቀን አንገቴን ደፍቼ ሴቻ ወጣሁ።

«ጎረቤቴ ልጅቷን ገረፋት?» አሉኝ በር ላይ።

«እንዴት? እኔ ለማን ነግሬ?»

«ለእኔ።»

ለባጃጅ ነጂው የፈተናውን ወሬ ነግሬው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለካ ስለ እሳቸው ስናደድ እሱን መንገር ረስቼዋለሁ። በውስጤ ተመስገን አልኩ።

ሦስተኛውን የማይኩን ጉድለት የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ኦቾሎ ላይ፣ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲታረቁ ሊቀዱ ሄደው ነበር። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ እርጥብ ሣር ተያዘ፣ ሁለቱ ተቃቀፉ። መብል ሲቀርብ ማይኩ እንደዞረ ቀረ፤ ጋሽ አንጁሎም ሄድፎኑን አላወለቁም። ታናሽየው ለሚስቱ በሹክሹክታ «ሽማግሌ አፍሬ ነው እንጂ ልቤ አልታረቀም» ሲል ሰሙት። ቁልቁል ሲመለሱ ለሾፌሩ እንደ ቀልድ አወሩት። ሾፌሩ ለሌላ አወራ። ወር ሳይሞላ ታላቅየው ጆሮ ደረሰ።

«ሰው መጀመሪያ በአፉ ነው የሚታረቀው» አሉኝ ጋሽ አንጁሎ። «ልቡ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ምናልባት በወሩ ይደርስ ነበር። እኔ ጊዜ ነሳሁት። ታላቅየው ሞተ፤ ታናሹ ለቅሶ አልደረሰም።»

«ታዲያ ይህ የማይኩ ጉድለት ነው?»

«በማይኩ ነው የሰማሁት። አብሮት ይሸጣል።»

እዚያው ኦቾሎ ወጥተው ሽማግሌዎቹ ፊት ተንበርክከው ጥፋታቸውን እንደተናገሩ፣ ታናሽየውም ይቅር እንዳላቸው የሰማሁት ኋላ ከእትዬ ዶርቃ ነው። እሳቸው የይቅርታውን ክፍል አይናገሩም ነበር።

እንደገና ማይኩን ሰጡኝና በረንዳው ጥግ አስቀመጡኝ። «ግማሽ ሰዓት» ብለው በጓሮ በር ወጥተው ዳገቱን ወረዱ። በዚህ ጊዜ ማይኩን ወደ ጎረቤት ላለማዞር ተጠንቅቄ ወደ ራሳቸው ማድ ቤት አዞርኩት። ማድ ቤት ውስጥ እትዬ ዶርቃና አንዲት ዘመዳቸው ጎመን ይቆርጣሉ።

«ባልሽ ሰላምታ እንኳ አይመልስም፣ ምን አድርጌው ነው?» አለች እንግዳዋ።

እትዬ ዶርቃ ቢላቸውን አቆሙ። «ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ጆሮው ሄዷል። ግራው ጭራሽ የለም፤ ቀኙም እያለቀ ነው። ሰው ሁሉ ኮራ ይላል። ይበሉት፤ እንደደነቆረ ከሚያውቁበት ኮራ ቢሉት ይሻለዋል። ያንን ማይክ የሚሸጠው ለዚያ ነው። ማታ ማታ ይዞት ይቀመጣል እንጂ ምን ይሰማበታል።»

ሄድፎኑን ማውለቅ ነበረብኝ፤ አላወለቅሁም። አፍ አፌን የሚያዩት፣ ወደ እኔ ዙሪ የሚሉት፣ መርፌዋን ትኩር ብለው አይተው ራሳቸውን የነቀነቁት፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ኩራተኛ በማለቴ አፈርኩ። ዕድሜ ልካቸውን በጆሮ የኖሩ ሰው ናቸው እኮ።

ተመልሰው መጡና ፊት ለፊቴ ቆሙ። «ምን ሰማሽ?»

«ቢላ። ጎመን ሲቆረጥ። አንዲት ዶሮ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ጠሽ ይላል።»

«ሌላስ?»

ወደ እሳቸው ዞሬ፣ አፌን በደንብ ከፍቼ፣ «ሌላ የለም» አልኩ።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ የማይኩን ከነመቅረጫው ዋጋ በአንድ ቃል ተናገሩ፤ እኔም ሳልከራከር ተቀበልኩ። ማይኩን ከመስጠታቸው በፊት ብብታቸው ስር ከተው ጥቂት ቆዩ። ያ ቀን ጉም አልነበረውም።

ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ልንነሳ ስንል ኮታቸው እየተውለበለበ መጡ። እንዲህ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ነጂውን ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጃቸው አሳዩት። እኔን ከባጃጁ አውርደው ራቅ አደረጉኝ።

«አራተኛ ጉድለት አለ» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ድምፁ እንደ አዲስ ነው አልኩሽ። እንደ አዲስ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሁለት ዓመት ሆነኝ ካልሰማሁት። እኔ አልሰማም፣ ልጄ። ገንዘብሽን ውሰጅ፤ ሳትሰሚ እንዳትገዢ።»

ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደከበዳቸው ከእትዬ ዶርቃ ቃል በኋላ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ማልቀስ አማረኝ። ግን ባለቅስ ኖሮ ቀድሜ ማወቄን ባወቁ ነበር።

«እንደ አዲስ ነው፣ ጋሽ አንጁሎ» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «እኔ ሰምቼዋለሁ።»

ከንፈሬን አይተው ጨረሱና ትከሻቸው ወረደ። «እንግዲህ ጎሜ የለብኝም» አሉ። «ሂድ።» አልተናደዱም፤ ያን ቀን ወንድ ያደረጉኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ፊልሙን ሠራን። ኦቾሎ ላይ ነፋሱን፣ ጨንቻ ላይ የሸማኔውን መወርወሪያ ቀዳሁ። ጉሙ ሲመጣ ማይኩን ብብቴ ስር ስከት የአዲስ አበባዎቹ ሳቁብኝ፤ መንጫጫቱ ሲጠፋ ሳቁን ተዉት። ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥቼ አላውቅም።

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በሚቀጥለው እሑድ ሴቻ እወጣለሁ። ጋሽ አንጁሎ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። የቀዳሁትን እከፍታለሁ፤ እሳቸው መርፌዋ ስትወጣና ስትወርድ ያያሉ፣ ከዚያ «ንገሪኝ» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። የካምባ ገበያ ከሩቅ ሲሰማ ምን እንደሚመስል፣ የአባያ ውኃ በጀልባው ሆድ ስር ምን እንደሚል፣ አንድ ሽማግሌ ሲመርቁ ትንፋሻቸው የት ላይ እንደሚያጥር። ወሬ አልነግራቸውም፤ ድምፁን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቃል ብዬ ይደርቅብኝ ነበር። «እንዴት ያለ ቆርቆሮ? አሮጌ ነው አዲስ?» እያሉ ያወጣጡኛል። አንድ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፌንም ሳያዩ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቆዩ። «አፍሽ ለካ ለዚህ ነው የተፈጠረው» አሉኝ። ከሰው የተቀበልኩት ትልቁ ምስጋና እሱ ነው።

ከተማው እስከ መጨረሻው ኩራተኛ አላቸው። እኔና እትዬ ዶርቃም ተውናቸው።

በሰርጉ ቀን እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ያ በር ላይ የቆምኩት። በሩ ተከፈተ፤ ሕይወት ወጣች፤ እልልታው መርፌዋን ጥግ ድረስ ወረወራት። ሚዜዎቹ መኪናው ድረስ ሲያጅቧት ድንገት ቆመችና ወደ እኔ መጣች። ቬሏን በአንድ እጇ ሰብስባለች።

«ምሕረትዬ፣ ለአጎቴ አንድ ነገር ልናገር። ታሞ እኮ ነው ያልመጣው። ሲያየው ደስ ይለዋል።»

ባልደረባዬ ካሜራውን አዞረ። እኔ ማይኩን አወረድኩት። ከጀርባዋ ጉሙ ከኮባው በላይ እየመጣ ነበር፤ ሄድፎኔ ውስጥ ያ መንጫጫት ጀመረ። «አንዴ ቆይ» ብያት ማይኩን ብብቴ ስር ከተትኩት። ይህን ሳደርግ ፊቴን ወደ ማዶ ማዞር ቻልኩ። ከአፕሉ ዛፍ ስር ያሉት ሁለቱ ሴቶች እያዩኝ ነበር። የሰማሁት አልመሰላቸውም።

«አሁን ተናገሪ» አልኳት።

«አጎቴ» አለች ሕይወት። «ልጅ ሆኜ፣ የሰርግሽ ቀን ድምፅሽን የምቀዳው በእኔ ማይክ ነው ብለኸኝ ነበር። ይኸው በአንተ ማይክ ነው። ቃልህ አልወደቀም። ነገ ከነቬሌ እመጣለሁ፣ ተነስተህ ጠብቀኝ።» ሳቅ አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ገባ? በደንብ ይሰማዋል?»

ይህቺ ልጅ አጎቷ እንደማይሰሙ አታውቅም። ከዚያ ጧት ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ እንደማይሰሙ አታውቅም። ሁለቱንም ከነሙሉ ቃሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፣ አፏ ከእግሯ ቀድሞ ቤት የሚገባው ምሕረት።

«ገብቷል» አልኳት። «ጥርት ብሎ።»

በማግስቱ ጧት ሽማግሌዎቹ ገብተው ነገሯት። ለቅሶዋ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር። እኔም በባዶ ጆሮዬ ገና ያኔ እንደሰማ ሰው ደንግጬ አለቀስኩ፤ ማስመሰል አላስፈለገኝም። ስቱዲዮ ስመለስ የሁለቱን ሴቶች ንግግር ፈልጌ አጠፋሁት። የእኔ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ፣ እንደ ልማዴ ሴቻ ወጣሁ። ድንኳኑ ፈርሷል። እትዬ ዶርቃ በረንዳው ላይ ብቻቸውን በእሳቸው ወንበር ተቀምጠዋል። መቅረጫውን ከቦርሳዬ ሳወጣ አዩኝና እጄን ያዙኝ።

«አትክፈችው፤ አልችልም» አሉኝ። «የልጅቷ ድምፅ እንዴት ነበር? ለእሱ እንደምትነግሪው ንገሪኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከጉሙ ጀመርኩ። ስለ መንጫጫቱ፣ ስለ ቬሉ ኮሽታ፣ «አጎቴ» ስትል ድምጿ መጀመሪያ እንደ ሙሽራ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ትንሽ ልጅ ስለመሆኑ ነገርኳቸው። እትዬ ዶርቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። ከአፕሉ ዛፍ ስር ከሰማሁት በቀር ሁሉንም ነገርኳቸው።